ካሳሁን የተባለው ወጥ ሠሪ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ አንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ከክፍላችን እኩሌታው ስለ ጦር አለቃ፣ እኩሌታው ስለ ሐኪም ይሁን አልን። አንድ ጓደኛችን ግን ስለ ወጥ ሠሪ ይሁን ቢል ሁላችንም ሳቅንበት። ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ ሲባል በየሰፈራችን ምን እንደሚወራ እናንተም ታውቃላችሁ። ይህ ጓደኛችን ትምህርቱን ሲጨርስ የምግብ ሙያ ለመማር ማሰቡን አስቀድሞ ነግሮን ነበርና ሳቃችን ሳያስከፋው አልቀረም። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው እርሱ ስለ መረጠልን ሰው ስለ አቶ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው።

አቶ ማርከስ በአሜሪካ አገር በቴሌቪዥንና በመጽሐፍ የታወቁ የምግብ ባለሙያ ናቸው። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ግን ካሳሁን ጽጌ ነው። ካሳሁን ገና ትንሽ ልጅ ሳለ እርሱም፣ እናቱም፣ እኅቱ ፋንታዬም በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። እናቲቱም ራሷ እየታመመች ልጆቿን ይዛ ከገጠር እስከ አዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በእግሯ ተጓዘች። ልጆቹ ዳኑ፤ እናታቸው ግን በሆስፒታል ሞተች። አንዲት አስታማሚ ወደ ቤቷ ወስዳ አስጠጋቻቸው፤ ከዚያም በስዊድን አገር በዮተቦሪ ከተማ የሚኖሩ ሳሙኤልሰን የሚባሉ ባልና ሚስት እንደ ልጆቻቸው አድርገው ተቀበሏቸው። ካሳሁን ማርከስ፣ ፋንታዬም ሊንዳ ተባሉ። የሰው ስም እንዲህ በቀላሉ መለወጡ በክፍላችን ብዙ አከራክሮናል፤ አሁን ግን ወደ ነገራችን እንመለስ።

የስዊድኗ አያት ሄልጋ በሀብታሞች ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። ልጁ ዶሮ መጥበስንና ዓሣን በሆምጣጤና በስኳር ዘፍዝፎ ማሳደርን የተማረው ከእኒህ ሴት ጓዳ ነው። ምኞቱ ግን እንደ እኛ እግር ኳስ ነበር። አካልህ ደቃቃ ነው ተብሎ ከቡድኑ በተሰናበተ ጊዜ ፊቱን ወደ ምግብ ትምህርት ቤት አዞረ።

ከዚያም በስዊስ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ አገር ወጥ ቤቶች ሠሩ። በስዊስ ሳሉ ከአለቆች ፍርሃት የተነሣ ያስታውካቸው እንደ ነበር ራሳቸው ጽፈዋል። የወጥ ቤት ሥራ የሰነፍ መጠጊያ ነው የምንል ሁሉ ይህን ብናነበው መልካም ነው። በኋላም በኒው ዮርክ በሚገኘው አኳቪት በተባለው የስዊድን ምግብ ቤት ገቡ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ በድንገት ቢሞቱ እርሳቸው በቦታው ተተኩ፤ በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኒው ዮርክ ታይምስ ለምግብ ቤቱ ሦስት ኮከብ ሰጠ። ከፍተኛው አራት ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና 24 ዓመት ነበረ።

እኛን ይልቅ የነካን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሰው የበርበሬውንና የቅመሙን ነገር እንደ ጀማሪ ተማሪ ከሴቶች እግር ሥር ሆነው ተማሩ። ስለ አፍሪካ ምግብ የጻፉት መጽሐፍ በ2006 ታተመ። ሞቷል ብለው ያሰቡት አባታቸውም በሕይወት ተገኙ፤ ነገሩን ፈልጋ የደረሰችበት እኅታቸው ናት። የእናታቸውን ፎቶግራፍ ግን አንድም ጊዜ አይተው አያውቁም። በ2012 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው፣ እናታቸውን ለማወቅ የሞከሩት በምትሠራው ምግብ በኩል መሆኑን ገልጸዋል። በዚያው መጽሐፍ በወጣትነታቸው የወለዷትን ልጅ ሳያሳድጉ መቅረታቸውንም አልሸሸጉም። ይህ ለእኛ ከኮከቡ ይልቅ የሚያስገርም ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ገጽ መዝለል ይቀናዋልና።

በኅዳር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ለማንሞሃን ሲንግ በዋይት ሐውስ ግብር ባደረጉ ጊዜ ገበታውን እንዲያሰናዱ የተጋበዙት እርሳቸው ነበሩ። እንግዳው ሥጋ ስለማይበሉ ምግቡ በአብዛኛው ከአትክልት የተዘጋጀ ነበር። ከቀረበውም አንዱ የቀይ ምስር ሾርባ ነው። ምስር! በጾም ቀን ደግሞ መጣ እያልን የምናማርረው ምስር። በሚቀጥለው ዓመትም በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው በሃርለም ሬድ ሩስተር የተባለውን ምግብ ቤት ከፈቱ፤ በ2011 ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው እዚያ ራት በልተዋል።

ይህን ንግግር ለማዘጋጀት በተሰበሰብንበት ማታ ያ የሳቅንበት ጓደኛችን በትልቅ ድስት ምስር ሠርቶ አመጣልን። ይቅርታ የጠየቅነውም ያን ጊዜ ነው። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ይህንኑም ነገርነው። ድስቱ ግን ባዶውን ተመለሰ።