የሮቤ የእህል መጋዘን ጣሪያ፤ አመራረጡና አጠባበቁ



በባሌ ደጋ የስንዴ አዝመራ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚዘራው፣ በአካባቢው አጠራር የጋና ሰብል የሚባለው፣ በሐምሌና በነሐሴ ይታጨዳል፤ በክረምቱ ተዘርቶ የሚደርሰው የቦና ሰብል ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል። እንግዲህ ሮቤ ላይ መጋዘን የሚሠራ ሰው በቅድሚያ ማሰብ ያለበት ይህን ነው። የጋናው ስንዴ ወደ መጋዘን የሚገባው ሰማዩ ገና ሳይጠራ፣ ፍሬውም እርጥበቱን ሳይጨርስ ነው። የቦናው ስንዴ በበኩሉ የሚከማቸው ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት ወራት ነው። ጣሪያው ለሁለቱም ካልተዘጋጀ፣ ገበሬው ከዋግና ከበረዶ ያተረፈው እህል በመጋዘን ውስጥ ይበላሻል።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ቀለምንና ጎማን የሚያደርቀው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳልና። ስለዚህ ለድሬዳዋ ወይም ለጎዴ ሙቀት ታስቦ የተነደፈ መጋዘን ንድፉ ሳይለወጥ ወደ ባሌ ቢወሰድ፣ የቆላውን ችግር ይፈታ እንደሆነ እንጂ የደጋውን አይፈታም። የደጋው ጠላት ውኃ ነው፤ ውኃውም የሚመጣው ከላይም ከውስጥም ነው።

ከላይ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 40 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ 40,000 ሊትር ውኃ ወርዶበታል ማለት ነው። በረዶ የተቀላቀለበት እንደሆነ ደግሞ በረዶው አሸንዳውን ይደፍናል፤ መውጫ ያጣው ውኃም ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው መደራረቢያ ሥር ይገባል። ስለሆነም አሸንዳው ከግድግዳው ውጭ ይሁን፤ ቢሞላም ወደ ደጅ ይፍሰስ። ሁለት መጋዘኖችን አጣብቆ በመካከላቸው የጋራ አሸንዳ ማኖር ለግንበኛው ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም፣ ያ አሸንዳ በሞላ ቁጥር ውኃው የሚወርደው በጆንያው ላይ ነው።

ከውስጥ የሚመጣው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ስሙን አያገኝም። ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። 15 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 9 ዲግሪ የደረሰ ቆርቆሮ ሲነካ ጤዛ ይይዛል። ጤዛው ተጠራቅሞ በማለዳ ይንጠባጠባል። የላይኛው ጆንያ ይረጥባል፤ ሻጋታ ይከተላል። ያለ ስጋት ይቀመጥ ዘንድ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ማለፍ የሌለበት ስንዴ፣ አንዲት ቀዳዳ በሌለው ጣሪያ ሥር ይበላሻል። የአባቶች ጎተራ የሣር ክዳን ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ሣሩ ብርዱን ይከላከላል፣ አየርም ያሳልፋል። ቆርቆሮ ዕድሜንና ስፋትን ሲያስገኝ ይህን ጠባይ አስቀርቷል፤ ስለዚህ ሠሪው በሌላ መንገድ ሊተካው ይገባል። የሚተካውም በጣሪያው ጫፍና በክፈፉ ሥር ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ የተከለሉ፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ መተንፈሻዎች በማበጀት፣ ከቆርቆሮው ሥርም ብርድ የሚከላከል ንጣፍ በማኖር ነው። መተንፈሻው ደረቅ በሆነ ቀትር ይከፈት፤ በዝናብና በጭጋግ ጊዜ ይዘጋ። በጆንያው ክምርና በጣሪያው መካከልም ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት ይተው።

ወደ ቆርቆሮው ምርጫ ስንመጣ፣ ታሪኩ ራሱ የሚያስተምረው አለ። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለው የለንደን ወደብ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 ሞገድ ያለውን ቆርቆሮ በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ሶሬል ብረትን በዚንክ የመለበጥን ዘዴ አስመዘገበ። ሞገዱ ቀጭኑን ብረት ያጠነክረዋል፤ ዚንኩ ደግሞ ራሱ እያለቀ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ስለዚህ ገዢው ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን የዚንኩን መጠን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ በሁለቱ ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ያለው ጥሩ መለኪያ ነው። በጌጅ ሲለካም ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር አይዘንጋ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32ቱ ይልቅ በረዶን ይችላል።

ነፋስም የራሱ ሒሳብ አለው። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሮቤ ከፍታ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል አለው፤ በጣሪያው ማዕዘንና ጠርዝ ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህም ይብሳል። ቆርቆሮው ግን በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። በመሆኑም ጣሪያን የሚይዘው ምስማሩ፣ ማገሩና ማገሩን ከግድግዳው ጋር ያሰረው ብረት እንጂ ክብደቱ አይደለም። በጠርዝና በማዕዘን ምስማሩ ይበዛ፤ ባሕር ዛፍ ከሆነም ማገሩ በሚገባ የደረቀ ይሁን። ማዕበል ሲቃረብ በሩ ይዘጋ፤ የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋልና።

ጥበቃው በሁለት ወቅት ይደረግ፤ ጋና ሳይገባ በየካቲት፣ ክረምቱ ሳይበረታ በሰኔ። በቀትር በሩን ዘግቶ ወደ ላይ መመልከት ቀዳዳውን ሁሉ በብርሃን ነጥብ ያሳያል። የላላ ምስማር ጎማ ባለው ወፍራም ብሎን ይተካ። በሬንጅ መለጠፍ ግን ለጊዜው ነው፤ ሬንጁ በፀሐይ ተሰንጥቆ ውኃ ስለሚቋጥር ከሥሩ ዝገት ይጀምራል። አሸንዳው ይጠረግ። ጣሪያው ላይ የሚወጣ ሠራተኛም በማገሩ መስመር፣ በተዘረጋ ጣውላ ላይ ይራመድ።

በመጨረሻም ጉዳዩ የሰውን ክብር ይነካል። ስንዴ ሲሻግት በመጀመሪያ የሚጠየቀው የመጋዘን ጠባቂው ነው። ለዚህም ነው ጠባቂው መዝገብ ይዞ ጠብታው የታየበትን ቀን፣ ሰዓትና ስፍራ መጻፍ ያለበት። በዝናብ ጊዜ በአንድ ስፍራ የሚወርድ ውኃ የቀዳዳ ነው፤ ዝናብ ሳይኖር በማለዳ በሰፊው የሚንጠባጠብ የጤዛ ነው። ይህ መዝገብ ለአናጺው የት እንደሚጠግን፣ ለመሐንዲሱም ምን እንደተሳሳተ ይነግረዋል። የመጀመሪያው ጥፋት በንድፉ ላይ ከሆነ፣ ዕዳው ቁልፍ በያዘው ሰው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ መመርመር የዚህ ሙያ ባለቤቶች ግዴታ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ጣሪያም የሚጠበቀው እህሉ ከመግባቱ በፊት ነው።