ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ነቀዝ

ወገኖቻችን ሆይ! ልጆቻችሁ «ኮምፒዩተሩን ቫይረስ በላው» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ቫይረስ ነፍስ የለውም፤ ክፉ ሰው ሆን ብሎ የጻፈው ትእዛዝ ነው። አገባቡ ግን የነቀዝ ነው። ነቀዝ በውሰት ጆንያ እንደሚገባ፣ እሱም ጽሑፍና ፎቶ በምንሸከምባት፣ ጣት በምታህለው የውሰት ፍላሽ ይገባል።

አንዱ ዓይነት ፎቶዎቹን ይደብቅና በቦታቸው አሳሳች ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱን የነካ ቫይረሱን ይቀሰቅሳል። ታዲያ የቤተሰቡ ፎቶ ጠፋ ብለን ሁሉን እንደምስስ? የለም! ይህማ ለነቀዝ ብሎ ጎተራ ማቃጠል ነው። ፎቶው እዚያው ተደብቆ አለ። ፍላሹን እንንቀል፣ ኢንተርኔቱን እናቋርጥ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለው ኮምፒዩተር ዲፌንደር የሚባል ጠባቂ አብሮ ይመጣል። ስናዘው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ቫይረሱ ሳይነቃ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ የተደበቀው እንዲታይ ማዘዝ ነው። ፍላሹንም ሳናስፈትሽ መልሰን አንሰካውም።