መኪናውና ካራቫኑ በአንድ ሚዛን፦ ለወጣት ቤተሰብ የመጀመሪያ ካራቫንና ጎታች መኪና ስለ መምረጥ

በሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ «ለመሆኑ ከመካከላችን ካራቫን ማን ሊገዛ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። አልተሳሳተም። እኛ በየመንገዱ የምናውቀው ከጭነት መኪና ኋላ ታስሮ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣውን ተሳቢ ነው። ሁለቱን የሚገዛው ፊዚክስ በመሠረቱ አንድ ነው። ይሁን እንጂ ተሳቢውን የሚመርጠው በሥራው የቆየ ባለንብረት፣ የሚነዳውም ልምድ ያለው ሾፌር ነው። ካራቫንን ግን የሚመርጠው ተጎታች ነገር ነድቶ የማያውቅ ቤተሰብ ሲሆን የመጀመሪያውን ሙከራ የሚያደርገውም ልጆቹን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ነው። ስለዚህ የምሕንድስና ዕውቀት የሌለው ሰው የምሕንድስና ውሳኔ እንዴት ይወስናል የሚለውን ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያሳየኛል ብዬ አላምንም።

ጉዳዩ የብሪታንያ ነው። እዚያ ካራቫን ማለት አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ በቤት መኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት ነው። ልማዱ ከመኪና ይቀድማል፤ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም በ1885 «ዋንደረር» የተባለውንና ሁለት ፈረሶች የሚስቡትን ቤቱን ይዞ ከደቡብ እንግሊዝ እስከ ስኮትላንድ ተጉዟል። (በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የካራቫን ባለቤቶች ክበብም በ1907 ተቋቁሟል። ዛሬ ለትንንሽ ልጆች ወላጆች የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሕፃኑ በራሱ አልጋ ይተኛል፣ ወተቱ በሌሊት ይሞቃል፣ ዝናብ ቢመጣም ጉዞው አይበላሽም።

በሊድስ ከተማ የሚኖሩ፣ የአምስትና የሁለት ዓመት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ወገኖቻችን ምክር የጠየቁኝ አንድ ካራቫን ከወደዱ በኋላ ነበር። የወደዱበትም ምክንያት ከበስተኋላው ለልጆች የተሠራ ተደራራቢ አልጋ ስላለው ነው። የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት፣ ማለትም ዕቃ ከነጭነቱ፣ 1,500 ኪሎ ግራም ነው። መኪናቸው ደግሞ 1,350 ኪሎ ግራም የሚመዝን አነስተኛ የቤት መኪና ነበር። ተጎታቹ ከጎታቹ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ሚስትየው የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከፍተው «ጋሼ፣ መጽሐፉ እኮ ይፈቅዳል» አሉኝ። እውነትም ፍሬን ላለው ተጎታች የተፈቀደው ወሰን 1,500 ኪሎ ግራም ተብሎ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። በመጽሐፉ የሰፈረው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ የሚመልሰው ግን ሴትየዋ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው። አንድ መኪና በአውሮፓ የመጎተት ወሰን የሚሰጠው ሙሉ ጭነቱን እየሳበ 12 ከመቶ ተዳፋት በሆነ ዳገት ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ቆሞ መነሣት ከቻለ ነው። ይህ የሞተርን ጉልበትና የፍሪሲዮንን ጥንካሬ ይፈትናል። ካራቫኑ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የጎን ነፋስ ቢመታው መኪናው ይዞት ይቆማል ወይስ አብሮት ይወዛወዛል ለሚለው ግን መልስ የለውም። የዳገቱም ነገር ቢሆን ወሰን አለው፤ እነዚሁ ባልና ሚስት በሚኖሩበት በዮርክሸር አውራጃ የሚገኘው ሳተን ባንክ የተባለው ዳገት 25 ከመቶ ተዳፋት ስላለው ካራቫን ጨርሶ እንዳያልፍበት ተከልክሏል።

ስለ መረጋጋት የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው። የብሪታንያ የካራቫን ክበቦች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር የካራቫኑ ክብደት ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ ከልምድ የመጣ ምክር ነው። ተማሪዎች «ለምን 84 ወይም 86 አልሆነም?» ብትሉ የምሰጣችሁ ቀመር የለኝም። የእነዚያ ባልና ሚስት ምጣኔ ግን 111 ከመቶ ነበርና ክርክሩ እዚያ አያደርስም። ለ1,500 ኪሎ ግራም ካራቫን ቢያንስ ከ1,760 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን መኪና ያስፈልጋል። ይህንንም ሲያሰሉ ጥንቃቄ ይገባል፤ አንዳንዱ አምራች በመኪናው ባዶ ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሽከርካሪ ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካራቫን በማያያዣው ኳስ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ተኛ ፔንዱለም ሊታይ ይችላል። ነፋስ ወይም የሚቀድም ከባድ መኪና ሲገፋው ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ወደ መስመሩ ይመልሱታል፤ አልፎ ይሄዳል፤ እንደገና ይመለሳል። በዝግታ ሲጓዙ ውዝዋዜው ፈጥኖ ይሞታል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ውዝዋዜውን የሚያበርደው ኃይል እየደከመ ይሄድና ከአንድ ፍጥነት በኋላ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው የሚበልጥ ይሆናል። አሽከርካሪው ይህ ወሰን የት እንዳለ አያውቅም፤ ከወሰኑ በታች እስካለ ድረስም ሁሉ ነገር ሰላም ይመስለዋል። ትናንት በሰላም መድረሱ ለዛሬው ማስረጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ያን ወሰን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የክብደቱን ስርጭትና የአክስሉን ቦታ መለዋወጥ በሚቻል ተጎታች ላይ ባደረጉትና በ2009 ባሳተሙት ሙከራ ከፍተኛ ተጽዕኖ አላቸው ካሏቸው መካከል የተጎታቹ የኢነርሺያ ሞመንት፣ በማያያዣው ላይ የሚያርፈው ክብደትና የአክስሉ ቦታ ይገኙበታል። የመጀመሪያውን በሁለት ሣጥኖች ላስረዳ። እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሣጥኖች አሉ እንበል። አንዱን ከአክስሉ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት፣ ሌላውን ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ብናስቀምጥ የሚጨምሩት የኢነርሺያ ሞመንት 10 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ነው። ሣጥኖቹን ሦስት ሦስት ሜትር ብናርቃቸው 360 ይሆናል። ጠቅላላ ክብደቱ አልተለወጠም። በማያያዣው ላይ የሚያርፈውም አልተለወጠም። ሚዛን ላይ ብታወጡት ልዩነት አታዩም፤ ካራቫኑ ግን አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ የሚያስቆመው ሥራ በ36 እጥፍ የከበዱ ሁለት ሣጥኖች ተሸክሟል።

እንግዲህ ወደ ተደራራቢው አልጋ እንመለስ። ለልጆች አልጋ ከበስተኋላ መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ባዶ አልጋ ጭነትን ይጠራል። የወላጅን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ በጉዞ ቀን ብስክሌቱ፣ የሕፃኑ ጋሪ፣ የመጫወቻው ከረጢት፣ ከካራቫኑ ጎን የሚዘረጋው ድንኳን ሁሉ የሚወረወረው እዚያ ነው። የኋላው ጫፍ ሲከብድ የፊቱ ይቀላል። እንግሊዞች የአፍንጫ ክብደት የሚሉት፣ በማያያዣው ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት፣ ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ5 እስከ 7 ከመቶ ሊሆን ይገባዋል ይባላል። ለ1,500 ኪሎ ግራም ይህ ከ75 እስከ 105 ኪሎ ግራም ነው። የባልና ሚስቱ መኪና በኳሱ ላይ እንዲሸከም የተፈቀደለት 75 ብቻ ነበር። ከዚያ ቢያልፉ የመኪናው የኋላ ይጎብጣል፣ የፊት ጎማዎቹም ለመሪ መታዘዝ ይቸግራቸዋል፤ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ ካራቫኑ ለመወዛወዝ ይቀርባል። የሚቆሙበት መሬት የአንድ መርፌ ጫፍ ያህል ነው።

ባልየው «እንግዲያስ አልጋውን እንተወው?» አሉ። አልተውነውም። የመረጥነው ተደራራቢው አልጋ ከጎን በኩል፣ ወደ አክስሉ ጠጋ ብሎ የተሠራበትን አሮጌ ካራቫን ነው፤ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት 1,300፣ ባዶው 1,150 ኪሎ ግራም። ልዩነቱ 150 ኪሎ ግራም ነው፤ ቤተሰቡ የእኔ የሚለው ክብደት ይኸው ብቻ ነው። ካራቫኑን በእጅ ከመግፋት የሚያድነው የሞተር መሣሪያ 30 ይወስዳል፤ ባትሪው 20፤ ድንኳኑ 25፤ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውሃ መያዣና መደገፊያዎች 20 ገደማ። ለአራት ሰው ልብስ፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ ለሕፃኑ አልጋና ዳይፐር 55 ኪሎ ግራም ቀረ። ሻጮች ስለ አልጋ ብዛት እንጂ ስለዚህ ቀሪ ሒሳብ ሲናገሩ እምብዛም አልሰማሁም።

ስለ መኪናው በአጭሩ ልናገር። ሁለት የልጅ መቀመጫና ሰፊ የዕቃ ማስቀመጫ የሚይዝ፣ 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በዝቅተኛ የሞተር ፍጥነት ጉልበት የሚሰጥ ባለ ናፍታ መኪና ገዙ፤ ምጣኔው ወደ 81 ከመቶ ወረደ። ልጆቹ ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ናቸው፤ በጉዞ ላይ ባለ ካራቫን ውስጥ ሰው ማሳፈር በሕግ ክልክል ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም አስበው ነበር። ክብደቱና ጉልበቱ ለዚህ ሥራ መልካም ነው፤ ካራቫን ሲጎትት ግን በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ በብዙ የመሙያ ጣቢያዎችም ካራቫኑን መፍታት ግድ ይሆናል። በሁለት ዓመት ልጅ ለቅሶ መካከል ካራቫን መፍታትን ለማንም አልመኝም። አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ጨርሶ ለመጎተት አልተፈቀደላቸውም።

መንጃ ፈቃድን በተመለከተ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ወዲህ የቤት መኪና ፈተና ያለፈ ሰው ከበድ ያለ ተጎታች ለመሳብ ተጨማሪ ፈተና ይጠየቅ ነበር። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ ይህ ቀርቶ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሚደርስ ተጎታች ያለ ተጨማሪ ፈተና መሳብ ተፈቅዷል። ሕጉ በመላላቱ ብዙ ቤተሰብ ተደስቷል፤ እኔ ግን ፈተናው ሲቀር ትምህርቱም አብሮ መቅረቱ ያሳስበኛል። ባልና ሚስቱ የአንድ ቀን ሥልጠና በገዛ ገንዘባቸው ወስደዋል። የተማሩትም ፍጥነት በተራ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ በሰዓት 50 ማይል፣ በተከፈለና በፈጣን መንገድ 60 ማይል መሆኑን፤ ውዝዋዜ ከጀመረ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ፍሬን አለመርገጥን፣ በመሪ አለመታገልን፣ ነዳጅ ጨምሮ ለመሸሽም አለመሞከርን ነው።

አሮጌ ካራቫን ለሚገዛ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። ግድግዳው በእንጨት ማዕቀፍ ላይ የተለበጠ ከሆነ በመስኮትና በማዕዘን መጋጠሚያ የገባ ውሃ ሳይታይ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። በመለኪያ ሲታይ እስከ 15 ከመቶ አያስጨንቅም፤ ከ20 ከመቶ በላይ ከሆነ ግን ከመግዛት በፊት ማስመርመር ያሻል። ጎማውም ጥርሱ አዲስ ስለሆነ አይታመንም፤ ካራቫን አብዛኛውን ዓመት ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። በአምስት ዓመት እንዲለወጥ፣ ከሰባት ዓመት ጨርሶ እንዳያልፍ ይመከራል። የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል።

ለመጀመሪያው ጉዞ ሲነሡ ዕቃቸውን ጭነው በቀጥታ ወደ ባሕር አልሄዱም፤ በመንገዳቸው ወደሚገኝ የምድር ሚዛን ጎራ አሉ። ካራቫኑ 1,345 ኪሎ ግራም መዘነ። 45 ትርፍ። ባልየው ሲያስቡ ለካ የውሃውን ታንክ ቤታቸው ሞልተውት ኖሯል፤ 40 ሊትር ውሃ እዚያው አፈሰሱ። ለቀረው አምስት ኪሎ የትልቁ ልጅ ብስክሌት፣ እሱ እያጉረመረመ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ወጥቶ ወደ መኪናው ገባ። እንደገና ሲመዘን 1,298 ሆነ፤ በማያያዣው ኳስ ላይ 78 ኪሎ ግራም አረፈ። ከዚያ በኋላ ነው መንገድ የጀመሩት።