የዳነም ሰው ራሱን ያሳይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ዐሥር ለምጻሞች በሩቅ ቆመው ከጌታችን ምሕረትን ለመኑ። እርሱም ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው፤ በመንገድም ሳሉ ነጹ። ተመልሶ ስላመሰገነው ስለ አንዱ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ ግን ትእዛዙን ልብ እንበል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ ከለምጽ የነጻ ሰው በካህኑ ይመረመር ነበር፤ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ቆይቶም በስምንተኛው ቀን መሥዋዕቱን ይዞ እንደ ገና ይቀርብ ነበር። እንግዲህ የዳነ ሰው ተመልሶ መታየቱ ከጥንት የተሠራ ሥርዓት ነው።

ይህን ነገር የቦሩ ሜዳ ሰው በዓይኑ አይቶታል። በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ በተደረገባት በዚህች ሜዳ፥ በኋላ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ተሠራ። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን ሕመሙ የእጅንና የእግርን ስሜት ወስዶ እንደ ሆነ፥ የዳነው ሰው እሾህ ቢወጋው፥ እሳት ቢፈጀው አይሰማውም። ስለዚህ ማታ ማታ እግሩን አጥቦ ይመረምራል፤ ቁስል ያየ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።

ዛሬም በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ካንሰር በተባለው በሽታ ተይዘው፥ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ድካም የዳኑ ልጆች በመካከላችን አሉ። በሀብታሞቹ አገሮች ከሚታመሙት ልጆች ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ይድናሉ፤ በብዙ ድሆች አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፥ የወሎ ወላጅ በሬውን ሽጦ፥ ልጁን አቅፎ እስከዚያ መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር። በዚህ ያህል ድካም የተገኘ ጤና እንዴት ያለ ጠባቂ ይተዋል?

በሽታውን ያጠፋው መድኃኒት ኀይለኛ ነውና፥ ከዓመታት በኋላ በአንዳንዱ ሰው ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዱ ልብን ያደክማል፤ ሌላው መስማትን ይቀንሳል። ጨረሩም እንደ አረፈበት ቦታ የእንቅርት ዕጢን ያውካል፤ የልጅን እድገት ያዘገያል፤ አልፎ አልፎም ሌላ ነቀርሳ ያስነሣል። ይህ ሁሉ በሁሉ ላይ አይደርስም። ነገር ግን የልብ ድካም ሳያሳምም ሊጀምር ስለሚችል፥ ደኅና ነኝ የሚለውም ሰው በቀጠሮው ቀን መታየት ይገባዋል፤ በጊዜው የታወቀ ነገር የሚረዳ አያጣምና።

አንዳንዱ አባት፥ ልጄ በጸበል ተጠምቋል፤ ወደ ሐኪም ቢመለስ እምነቴን መካድ ይሆንብኛል ይላል። ጸበሉን የባረከ አምላክ ሐኪሙንም እንደ ፈጠረ፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምራል። አንዳንዲቱም ወጣት፥ ታምሜ እንደ ነበረ ከታወቀ ማን ያገባኛል ብላ ቀጠሮዋን ትተዋለች። ለዚህስ ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመን ያ በሽተኛው፥ ያቺ በሽተኛዋ እያልን የምናማ የእኛ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ የበሽታውን ስም፥ የተሰጠውን መድኃኒትና ጨረር የሚገልጸውን ወረቀት ከክርስትና ምስክር ወረቀቱ ጋር አኑሩት፤ ልጁም ባደገ ጊዜ የደረሰበትን ሳትደብቁ ንገሩት። የንስሐ አባቶች ሆይ፤ ስለ ጾሙ እንደምትጠይቁት ስለ ቀጠሮውም ጠይቁት። ማኅበርተኞችና ዕድርተኞች ሆይ፤ ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ለሕያው ልጅ የመንገድ ስንቅ እናዋጣ።

አንተም ልጄ፥ አንቺም ልጄ፤ ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ እንደ ዐሥሩ ትእዛዙን ትፈጽማላችሁ፤ ስትመለሱም እንደ አንዱ በቤተ መቅደሱ ደጅ ወድቃችሁ አመስግኑ።

የፈወሳችሁ አምላክ እስከ ሽምግልና ያድርሳችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።