የዓመት ገቢ በአንድ ወር፦ በፎገራ ሜዳ ስለ ቁጠባና ከልክ ስላለፈ ወጪ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በአነስተኛ ገቢ ቆጥቦ መኖር ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ፤ ይኸውም ቆጣቢ የሚባለው ሰው አልፎ አልፎ ከልኩ አልፎ የሚያወጣው ወጪ ነው። ሁለቱን ከነጣጠልናቸው ንግግሩ ወደ ምክር ያደላል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ የጎደለን ምክር አይደለም። በሬዲዮም፣ በስብሰባም፣ በባንክ ማስታወቂያም «ቆጥቡ» እንባላለን። ተመካሪው ብዙ ጊዜ ከመካሪው ይልቅ ቆጣቢ መሆኑን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ማሳያዬ ወረታና በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ወረታ ከዚህ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ላይ የተቀመጠች የደቡብ ጎንደር ከተማ ናት። ሜዳውን ርብና ጉማራ አቋርጠውት ወደ ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲከብድ ከአፋፋቸው ወጥተው ማሳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ ዕድሜያችሁ የፈቀደላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ስፍራውን የመረጥሁት ግን ስለ ጎርፉ አይደለም። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የገበሬው ሀብት መልኩን ሲለውጥ በግልጽ የሚታይበት ቦታ በመሆኑ ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። በዝቅተኛ ገቢ በሚተዳደር ቤት ገንዘብ መትረፉን ወይም መባከኑን ከሰዎቹ ጠባይ አስቀድሞ የሚወስነው ገንዘቡ በምን መልክና በየትኛው ወር እጅ እንደሚገባ ነው።

ከላሟ ልጀምር። ከሩዝ በፊት ውኃ የሚተኛበት የሜዳው ክፍል በአመዛኙ የግጦሽ መሬት ነበር። በአካባቢው ስም የሚጠራው የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ ዝርያ ነው። ላም ያለው ቤት ገቢው ትንሽ ቢሆንም በየሳምንቱ ይመጣል። ወተቱ ይናጣል፤ እናት ቅቤውን ገበያ ትወስዳለች፤ በዚያው ገንዘብ ጨው፣ ቡናና የመብራት ጋዝ ገዝታ ትመለሳለች። ገቢው ከወጪው ጋር በቀን የተገጣጠመ ነበር። ትልቁ ሀብት ደግሞ በረት ውስጥ በአራት እግሩ ቆሟል። ላምን ከፊሏን ሸጦ ከፊሏን ማስቀረት አይቻልም፤ ለአንድ ጥንድ ጫማ ተብላም ገበያ አትወጣም። ሀብቱን ከባለቤቱ እጅ የሚጠብቀው ይኸው ለመመንዘር አስቸጋሪ መሆኑ ነበር።

በደርግ ዘመን በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ሩዝ ገባ። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት እንደመጣ የሚነገርለት ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ በጊዜ ብዛት ረግረጉን አለበሰው። ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በዚያው በፎገራ ይገኛል፤ በወረታ ዋና መንገድ ዳርም የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ተደርድረዋል። ይህን ለውጥ ማቃለል አልሻም፤ ውኃ ይዞት ለእርሻ የማይሆን የነበረው መሬት ሰው ያበላ ጀመር። ዳሩ ግን ግጦሹ ጠበበ፤ ከብቱም አነሰ። በየሳምንቱ በትንሹ ይመጣ የነበረው ገቢም በዓመት አንድ ጊዜ በአንድነት የሚገባ ሆነ። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ሁለተኛ ገቢ ያገኛል፤ ነገር ግን ቲማቲም ገዢ እስኪመጣ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ቆጣቢነቱ በዓይን የሚታይ ነው። ጤፍ ሲወደድ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። የሩዙ ጭድ ለከብት፣ ቅርፊቱ ለማገዶ ይውላል። ጾሙን ሁሉ የሚጾም ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል፤ ይህን በሃይማኖታዊ ትርጉሙ ብቻ የሚያየው ሰው የሽሮን የኢኮኖሚ ድርሻ ይዘነጋል። በፋሲካ ደግሞ ቅርጫ አለ። አንድ በሬ ለብቻ መግዛት የማይችሉ ጎረቤቶች አዋጥተው ይገዛሉ፤ ሥጋውን ያለ ሚዛን፣ ከየብልቱ እያጣጣሉ በመደብ ይከፍሉታል፤ ከዚያም ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ እጣ ይጣላል። ስለ ፍትሐዊ ክፍፍል የምታስተምሩ መምህራን ከዚህ የተሻለ የክፍል ምሳሌ የምታገኙ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ እቁብ አለ። አሜሪካዊው ሥነ ሰብአዊ ሊቅ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1962 እ.ኤ.አ. ተዘዋዋሪ የገንዘብ ማኅበራትን ከባህላዊው ወደ ዘመናዊው ኢኮኖሚ መሸጋገሪያ እርከን አድርጎ ገልጿቸው ነበር። የእኛው ደጀኔ አረዶ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እቁብንና እድርን እንደ ፋይናንስ ተቋማት መርምረዋቸዋል። የጊርትዝ «መሸጋገሪያ» የሚለው ቃል አያሳምነኝም። ባንክ በሞላበት ከተማ የባንክ ሠራተኞች ራሳቸው እቁብ ይጥላሉና። ከእቁብ የሚፈለገው ወለድ አይደለም፤ እንዲያውም መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ገንዘቡ በዋጋ ንረት ይበላበታል። የሚፈለገው ገንዘቡ ከእጅ እንዲወጣና ዕለቱን መልሶ ለመውሰድ እንዳይቻል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከሜዳው የጠፋችው ላም በወረቀት መልክ ተመለሰች።

ይህን ያህል ቆጣቢ የሆነ ቤት ታዲያ የት ላይ ይስታል? ብዙውን ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው በትንንሾቹ ወጪዎች ላይ ነው፤ ተማሪው በሚጠጣው ማኪያቶ፣ ገበሬው ገበያ ውሎ በሚጠጣው ጠላ። እኔ ግን የቀን መቁጠሪያውን እንድንመለከት እጋብዛለሁ።

ሩዝ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የማዳበሪያ ብድር፣ የመሬት ግብርና የሱቅ ዱቤ የሚጠየቁትም ያን ጊዜ ነው። የገና ልብስ፣ ጥምቀት፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሚደረገው ሠርግ ሁሉ ይከተላል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ጎታው ይጎድልና ያው ሻጭ ገዢ ሆኖ ይመጣል። ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር ልስጥ። አንድ ቤት በታኅሣሥ 1 ኩንታል በ4,000 ብር ሸጠ እንበል። ያንኑ ያህል እህል በሐምሌ በ5,600 ብር መልሶ ቢገዛ ልዩነቱ 1,600 ብር ነው። በየቀኑ 10 ብር ለሻይ የሚያወጣ ሰው ይህን ገንዘብ ለመጨረስ 160 ቀን ያስፈልገዋል። የሻዩን ወጪ ሁሉም ያያል፤ የኩንታሉ ልዩነት ግን በማንም ዘንድ እንደ ጥፋት አይቆጠርም፤ ስምም የለው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የምንለው ብሂል እንኳ ለዚህ አይሠራም፤ ታኅሣሥ ላይ የሚሸጠው ሰው የቸገረው ነው፤ የሚያሳድደው ባለዕዳነቱ ነውና።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሥራ በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሚኖሩ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና በኋላ ፈትኗል። ሰዎቹ ያው ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ ገንዘብ ባጠራቸው ወቅት የማሰብ ፈተናውን ውጤት ዝቅ አድርገው አገኙት። የግኝቱ ስፋት ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልደገፍበትም። ነገር ግን ለእኛ የሚጠቅመው ጥያቄው ነው። አንድን ገበሬ በሐምሌ አግኝተን «አባካኝ ነው» ወይም «አያቅድም» ብለን ብንጽፍ፣ የጻፍነው ስለ ሰውየው ነው ወይስ ስለ ሐምሌ?

ሁለተኛው የስሕተት ቦታ ይሉኝታ ነው። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና የሚወጣውን ወጪ ሁሉ ብክነት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በሐዘን ቀን ጎረቤቱ ጋ እህል ይዞ ያልሄደ ሰው በራሱ ሐዘን ቀን ባዶ ቤት ይቀመጣል። ጎርፍ በሚመላለስበት ሜዳ ላይ፣ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር ደጁን ላልረገጠው ቤተሰብ፣ ይህ ወጪ ከፊሉ የመድን ክፍያ ነው። ከፊሉ ግን አይደለም። ድንኳኑ፣ ቪዲዮው፣ የመኪናው ሰልፍ በችግር ቀን ተመልሶ አይመጣም። ድንበሩን ለመለየት የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው፤ ያወጣሁትን በተራው ሊያወጣልኝ የሚገደድ ሰው አለን? ካለ መዋጮ ነው፤ ከሌለ ግን ለታይታ የወጣ ነው። እጅግ ከባዱ ነገር ሁለቱ በአንድ ድግስ፣ በአንድ ማዕድ ላይ ተቀላቅለው መምጣታቸው ነው።

ስለ ከተማው ደመወዝተኛ በአጭሩ ልለፍ። እርሱ ወሩን እንደ ዓመት ይኖረዋል፤ ደመወዝ በተቀበለ በመጀመሪያው ሳምንት ታኅሣሥ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሐምሌ። የባለሱቁ የዱቤ ደብተር በመካከል ይቆማል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ገንዘብ በኪስ ውስጥ ሳይቆጠር ይወጣል፤ የምቾቱን ያህል ቀድሞ ወጪን ያዘገይ የነበረው ትንሹ ድካም ጠፍቷል። ብርን በሣጥን ማቆየትም እንደ ቀድሞው አልሆነም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለወጥ በየቤቱ የተቀመጠው ሁሉ በ3 ወር ውስጥ ባንክ መድረስ ነበረበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ዋጋው ወርዶ ተገኘ። በዚህ ጊዜ በታኅሣሥ ቆርቆሮ ገዝቶ በጓሮ የሚደረድር ገበሬ አባካኝ ይመስላል፤ ቤቱን የሚሠራው ከ2 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላልና። በእኔ አመለካከት ግን በዚያ ገበያ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ቆጣቢ እርሱ ነው። ቆርቆሮም እንደ ላም ሁሉ ለሻይ አይመነዘርም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። እስካሁን የተናገርሁት ቁጠባ ሁሉ መልካም እንደሆነ አስመስሎ ይሆናል። ይህ ሜዳ ተቃራኒውን ያሳየን መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ጓያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በማሳው ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ድርቅንም ይችላል፤ ውኃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ጤፉን ሸጦ ጓያውን መብላት በሒሳብ ሚዛን ሲታይ የቁጠባ ሁሉ ቁንጮ ነው። ነገር ግን ጓያ የነርቭ መርዝ አለበት። በችግር ዘመን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ይተሳሰራል፤ የማይድን ሽባነት ይይዘዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህ በሽታ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበር አሳይተዋል፤ ከተጠኑት አካባቢዎችም ደምቢያና ፎገራ ይገኙበታል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ጎልማሳ ወንዶችን፣ ማለትም አራሾችን ነው። የመሥሪያ አካላቸውን ለርካሽ እህል ከፈሉ።

ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም አደጋውን ያቃልላል። ነገር ግን ለመዘፍዘፍ ውኃ፣ ለመቀላቀልም ሌላ እህል ያስፈልጋል፤ ጓያ ብቻ በሚበላበት ወር ሌላው እህል የተሸጠ ነው። ስለዚህ የቤት ወጪን በገንዘብ ብቻ የሚመዘግብ መጠይቅ ይህን ቤት እጅግ ቆጣቢ ብሎ ያልፈዋል። ከገበያ የገዛው የለም፤ ዕዳ አልጨመረም፤ በዓል አልደገሰም። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ያማረ ነው። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በምርኩዝ ሲሄድ የሚመዘግብ ዓምድ ግን በመጠይቁ ውስጥ የለም።

ከዚህ ተነሥቼ በዚህ አዳራሽ ላሉት የመመረቂያ ጽሑፍ ሊጀምሩ ለተዘጋጁ ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠይቅ። በቤተሰብ ፍጆታ ላይ የምናደርጋቸው ጥናቶች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ሄደን፣ መንገዱ በሚመች በደረቁ ወቅት፣ ብዙውን ጊዜም በጥርና በየካቲት የሚሰበሰቡ ናቸው። ያን ጊዜ ጎታው ሙሉ ነው፤ ድንኳኑም ተተክሏል። ገበሬው አባካኝ መስሎ የሚታየው በዚያ ወቅት ነው። እባካችሁ ያንኑ ቤት በነሐሴ፣ ጭቃውን ችላችሁ፣ ዳግመኛ ጎብኙት። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ዛሬ ምን ተበላ፣ ከማን ተበደራችሁ፣ ታኅሣሥ ላይ ከሸጣችሁት ውስጥ አሁን መልሳችሁ የገዛችሁት ስንት ነው? መልሱንም እማወራዋ ራሷ ብትሰጥ ይመረጣል፤ ጎታውን ከፍታ የምታየው እርሷ ናትና።

ብድር የሚሰጡ ተቋማትም ቢሆኑ የመክፈያውን ቀን ከታኅሣሥ ወደ ሚያዝያ ቢገፉት የእህሉ ዋጋ ምን ያህል እንደሚለወጥ ማስላት ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። እህልን በመያዣነት አስቀምጦ መበደር የሚቻልበት የመጋዘን ደረሰኝ አሠራርም በአገራችን ከቡናና ከሰሊጥ ገበያ ጋር ተያይዞ የታወቀ ነው፤ ለፎገራ ሩዝ፣ ለ2 እና ለ3 ኩንታል ባለቤት፣ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በማስረጃ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም ከፎገራና ከሊቦ ከምከም የመጣችሁ፣ ዕድሉን ቅድሚያ ለእናንተ እሰጣለሁ።