እንቅልፍ ወይስ ሕልም?

እስፓኛዊው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1799 ማድሪድ ላይ ካሳተማቸው 80 ሥዕሎች በ43ኛው፣ በጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋ ሰው፣ በጀርባውም የሚያንዣብቡ ጉጉቶችና የሌሊት ወፎች ሲታዩ፣ በጠረጴዛው ጎን የልቡና «ስዌኞ» ጭራቆችን ይወልዳል ተብሎ ተጽፏል። «ስዌኞ» የተባለው የእስፓኝ ቃል እንቅልፍንም ሕልምንም በአንድነት ሲሰይም፣ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በየስማቸው ስለሚለይ፣ ተርጓሚው አንዱን ይመርጥ ዘንድ ግድ ይሆንበታል፤ እንቅልፍ ቢል ልቡና ዘብነቱን ሲተው ክፋት ይሠለጥናል ማለት ነው፤ ሕልም ቢል ግን ጭራቆቹን የሚፀንሰው (ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው) ራሱ ልቡና ይሆናል። በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመደው የፊተኛው ነው፤ ይሁን እንጂ ጎያ በ1797 ባዘጋጀው ንድፍ ግርጌ ደራሲው ሲያልም የሚል ጽፎ ነበርና፣ የኋለኛውም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም።