ልጅን ሳይሰብሩ ማሠልጠን



የዋሸራንና የጎንጅን የቅኔ ጉባኤ የሚያውቅ የጎጃም ሰው፥ ዕውቀት በደረጃ እንደሚወጣ አይጠፋውም። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሳተበትን ቦታ ለይቶ ያርምለታል። ዛሬ ስለ ልጆች የጅምናስቲክ አሠለጣጠን ስናገር ከዚህ መነሣቴ፥ የሁለቱ ሥርዐት የሚመሳሰል ስለ ሆነ ነው።

በጅምናስቲክም ልጁ አስቀድሞ በፍራሽ ላይ መንከባለልን፥ ቀጥሎ ተደግፎ በእጁ መቆምን ይለማመዳል፤ በአየር ላይ መገልበጥ የሚመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ያለውን ልጅ ደረጃ ማዘለል ለስብራት መዳረግ ነው። ፍራሽ በሌለበት ደረቅ ሜዳ ላይም መገለባበጥ ሊፈቀድ አይገባም።

የአሠልጣኙ አንደበትም እንደ ፍራሹ ያስፈልጋል። «ክርንህን አቅና» የተባለ ልጅ የሚያደርገውን ያውቃል፤ «ሰነፍ» የተባለ ግን ከማፈር በቀር ያገኘው ትምህርት የለም። በብሪታንያ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የወጣው የምርመራ ዘገባ፥ በስድብ፥ በማስራብና ሰውነትን ከልክ በላይ በመለጠጥ ብዙ ልጆች በአሠልጣኞቻቸው እጅ እንደ ተጎዱ ገልጧል።

ፍርሀትንም መስማት ይገባል። አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ፥ ሰውነቷ በአየር ላይ ያለበትን ስፍራ መለየት ስለ ተሳናት ከቡድኑ ውድድር ወጣች። ይህን እንደ ድካም የቈጠሩባት ነበሩ። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። እንግዲህ ልጅ «ፈራሁ» ሲል ለአሠልጣኙ የሚጠቅም ወሬ ነገረው እንጂ አልሰነፈም።

ምናልባት «እኛስ በአለንጋ አይደል የተማርነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አለንጋ መኖሩ እውነት ነው፤ ባለቅኔውን ያፈራው ግን የመምህሩ እርማት እንጂ አለንጋው አይደለም።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወላጆች፥ ከቢሮ ስትወጡ አንድ ቀን ወደ ልምምዱ ሜዳ ጐራ በሉ፤ አሠልጣኙ የሳተውን ልጅ በምን ቃል እንደሚያርመው አድምጡ። ማታም ልጃችሁን «አሸነፍህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ታረመልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካገኛችሁ ልጁ በደኅና እጅ ላይ ነው፤ ዝም ካለ ግን ዝምታውን ችላ አትበሉ።